ትንሿን መረጥን፦ በፕራዶና በግራንድ ቪታራ መካከል

መኪና እንግዛ ከተባለ ጀምሮ ቤታችን ለሁለት ተከፍሎ ከረመ። ባለቤቴ ትልቁን የቶዮታ ፕራዶ አለ። እኔ ትንሿን የሱዙኪ ግራንድ ቪታራ አልኩ። ሁለቱም ያገለገሉ ናቸው። ሁለቱም በአራቱም ጎማ ይሄዳሉ፤ ሁለቱም ጭቃና ዳገት ታስቦላቸው የተሠሩ ናቸው። ክርክሩ ስለ መጠን ነበር። ትልቁ ይሻላል ወይስ ትንሿ?

አሁን ነገሩ አልቆ ትንሿን ገዝተናል። ግን እዚያ እንዴት እንደደረስን መጻፍ ፈለግሁ። መረጃ ስፈልግ በብዛት ያገኘሁት "ፕራዶ ፕራዶ ነው" የሚል ምስክርነት ነበር። ፍቅሩ ይገባኛል። ገንዘቡን ቆጥሮ የሚያወጣ ሰው ግን ከዚያ የበለጠ ነገር ማወቅ አለበት።

ሥራዬ የመሬት ቅየሳ ነው። የእኔ ቀን የሚጀምረው አስፋልት ካለቀበት ነው። የእርሻ መንገድ፣ ያልተጠረገ መሬት፣ ዝናብ ሲጥል የሚሞላ ጅረት፣ ትራክተር የቆፈረው ጥልቅ የጎማ ቦይ። የምይዘው ዕቃ ያን ያህል ብዙ አይደለም። መለኪያ መሣሪያው በሳጥኑ፣ ባለ ሦስት እግር መቆሚያው፣ የፕሪዝም ዘንግ፣ ችካል፣ መዶሻ፣ የሚጠጣ ውኃ። አንድ ረዳት አብሮኝ ይሄዳል። አንዳንዴ የመሬቱ ባለቤት ድንበሩን ሊያሳየን ከኋላ ይቀመጣል። ከሥራ ውጭ ደግሞ ሁለት ልጆች አሉን። እናቴም ከእኛ ጋር ናት፤ ጉልበቷን ያማታል።

መኪና ማየት ከመጀመራችን በፊት ይህንን ሁሉ ወረቀት ላይ አሰፈርን። ማን ይቀመጣል? ምን ይጫናል? የት ይሄዳል? በየስንት ጊዜው? የባለቤቴ ዝርዝር ላይ "ዘመድ ተሰብስቦ ሲሄድ" የሚል ነበረበት። እንዲህ ያለ ቀን አለ፤ አልካድኩም። ግን ዓመቱን ሙሉ ብንቆጥረው ጥቂት ነው። በቀረው ቀን ሁሉ መኪናው ውስጥ የምንሆነው እኔና ረዳቴ፣ ወይም እኔና ልጆቹ ነን።

ያየነው ፕራዶ 120 የሚባለው ትውልድ ነው። ቶዮታ ይህን ትውልድ ያወጣው በ2002 ሲሆን እስከ 2009 ድረስ ሠርቶታል። (ዓመቶቹን ሁሉ የምጠራው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።) የእኛው እጩ የ2006 ምርት፣ ባለ 3.0 ሊትር የናፍጣ ሞተር፣ ካምቢዮው በእጅ የሚቀየር ነበር። ግራንድ ቪታራዋ ደግሞ ሱዙኪ በ2005 ያስተዋወቃት ትውልድ ናት፤ ይህቺኛዋ የ2010 ምርት፣ ባለ አምስት በር፣ ባለ 2.4 ሊትር ቤንዚን፣ እሷም በእጅ የምትቀየር። ሁለቱ የተጠየቀባቸው ገንዘብ በጣም ተቀራራቢ ነው።

እዚህ ላይ ቆም በሉልኝ፤ የጽሑፌ ዋና ነገር ያለው እዚህ ነው። በአንድ ዓይነት ገንዘብ ትልቁን ስትመርጡ የምትገዙት ትልቅነት ብቻ አይደለም። የበለጠ ዕድሜና የበለጠ ኪሎ ሜትርም አብሮ ይመጣል። ፕራዶ ዋጋው ቶሎ አይወርድም። ስለዚህ የእኛ አቅም የሚደርስበት ፕራዶ ብዙ የሠራ ፕራዶ ነው። የትንሿ ዋጋ ቶሎ ስለሚወርድ በዚያው ገንዘብ አራት ዓመት የምታንስ መኪና አገኘን። ባለቤቴ መጀመሪያ ላይ ይህን ሊሰማ አልፈለገም። የፕራዶው ቁመና ልቡን ወስዶት ነበር።

በቁጥር ልንገራችሁ። ፕራዶው ከ4.7 ሜትር በላይ ይረዝማል። ትንሿ 4.5 ሜትር ገደማ ናት። ወርዳቸው ብዙ አይራራቅም፤ አንዱ 1.88 ሜትር፣ ሌላዋ 1.81 ሜትር። ትልቁ ልዩነት ክብደት ላይ ነው። ፕራዶው ባዶውን 2 ቶን ይደርሳል፣ እንደ አሠራሩም ያልፋል። ትንሿ 1.6 ቶን አካባቢ ናት። የ400 ኪሎ ልዩነት ማለት ሁልጊዜ አምስት ሰው ጭኖ እንደ መንዳት ነው። ያንን ክብደት ፍሬኑ ያቆመዋል፣ ጎማው ይሸከመዋል፣ ሞተሩ ዳገት ያወጣዋል። ሁሉም በየድርሻው ያልቃል።

አሁን ወደ አራቱ ጎማ ልግባ። "ፎር ባይ ፎር" የሚል ጽሑፍ የተለጠፈበት ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም።

መኪና ሲታጠፍ የፊት ጎማዎች ከኋላዎቹ የበለጠ መንገድ ይሄዳሉ። ፊትና ኋላው አንድ ላይ ተቆልፎ ከሆነ ደረቅ አስፋልት ላይ እርስ በርስ ይጓተታሉ። መሪው ይከብዳል፣ ጎማው ይፋቃል፣ ጥርሱ ይጨነቃል። ብዙ የቆዩ መኪኖች አስፋልት ላይ በሁለት ጎማ ብቻ የሚነዱት ለዚህ ነው። ፕራዶ 120ም ይህቺ ግራንድ ቪታራም ግን ፊትና ኋላውን የሚያስማማ መካከለኛ ዲፈረንሻል አላቸው። አራቱም ጎማ ሁልጊዜ ይሠራል፤ ዝናብ ባረጠበው አስፋልት ላይም ቢሆን። ጭቃ ሲመጣ ያንን መካከለኛ ዲፈረንሻል መቆለፍ ይቻላል። ከዚያ ቀጥሎ ደግሞ ሎው አለ፤ መኪናው ቀስ ብሎ በብዙ ጉልበት እንዲሄድ የሚያደርግ ተጨማሪ ማርሽ ነው።

ትንሿን ዕጩ ያደረግኳትም በዚህ ምክንያት ነው። በእሷ መጠን ካሉት መኪኖች ብዙዎቹ ሎው የላቸውም። የኋላ ጎማቸው ሥራ የሚጀምረው የፊቱ ሲንሸራተት ነው። ለበረዶና ለእርጥብ መንገድ ይበቃሉ፤ ለትራክተር ቦይ ግን አይሆኑም። ግራንድ ቪታራ ሻንሲዋ ከአካሏ ጋር ተዋህዶ የተሠራ ነው፤ ሎውም መቆለፊያም አላት። ግን ስሙን ብቻ አትመኑ። ከ2015 በኋላ "ቪታራ" ተብላ የወጣችው ሌላ መኪና ናት፤ ሎው የላትም። ከግራንድ ቪታራም ውስጥ በሁለት ጎማ ብቻ የሚሄዱ አሉ፤ ባለ ሦስት በሯ 1.6 ሎው ሳይኖራት ትመጣለች። የማርሹ አካባቢ ያለውን መቀየሪያ ተመልከቱ። "ፎር ኤል" የሚለው ምልክት ከሌለ ሎው የለም፤ ሻጩ የፈለገውን ቢል።

በዚህ በኩል ግን ፕራዶው ይበልጣል፤ ሐቁን መናገር አለብኝ። በሎው ሲሆን የጎማውን ጉልበት 2.5 ጊዜ ያህል ያበዛል። ትንሿ 2 ጊዜ ያህል ነው የምታበዛው። ቁልቁለት ላይ ሁለቱንም በአንደኛ ማርሽ፣ በሎው፣ እግሬን ከፍሬን አንስቼ ለቀቅኳቸው። ፕራዶው እንደ ሽማግሌ ቀስ እያለ ወረደ። ትንሿ ትንሽ ፈጠነችብኝ፤ ፍሬን መንካት አስፈለገኝ።

የፕራዶው የኋላ አክስል ወጥ ነው። አንዱ ጎማ ወደ ላይ ሲገፋ ሌላው ወደ ታች ይጫናል፤ ስለዚህ ቦይና ጉብታ ላይ ጎማዎቹ መሬት ሳይለቁ ብዙ ይሄዳሉ። የትንሿ አራቱም ጎማዎች ግን ለየብቻቸው የተንጠለጠሉ ናቸው። አስፋልትና ኮረኮንች ላይ ይህ ምቾት ነው። የተወላገደ ቦታ ላይ ግን ቶሎ አንዱን ጎማ ከመሬት ታነሳለች። ሰያፍ ሆነው አንድ የፊትና አንድ የኋላ ጎማ ከተነሱ ደግሞ ችግር ነው። መካከለኛው ዲፈረንሻል ቢቆለፍም ጉልበቱ አየር ላይ ወደሚሽከረከሩት ጎማዎች ያመልጣል። ረዳቴ ከውጭ ቆሞ እያየ፣ ቦዩን በማዕዘን ሳይሆን ቀጥ ብዬ እንድገባበት ሲነግረኝ ነው ያለፍኩት። ፕራዶው እዚያው ቦታ ምንም አልመሰለው።

ከመሬት ከፍታቸው የሚያስጨንቅ ልዩነት የለውም። ትንሿ 20 ሴንቲ ሜትር፣ ፕራዶው 22 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። ለስላሳ እርጥብ አፈር ላይ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል። ከባዱ ይሰምጣል፤ ቀላሏ ላዩን ታልፋለች። እኔ የምሠራው በአብዛኛው እንዲህ ያለ አፈር ላይ ነው። አካፋ ይዞ የሚወርደው ረዳቴ ስለሆነ የእሱን ሐሳብ ጠየቅኩት። አላመነታም፤ ትንሿን አለ።

ነዳጅ ላይ የጠበቅነው አልሆነም። ትንሽ መኪና ትንሽ ትጠጣለች ብለን ነበር። ባለ 2.4 ቤንዚኗ ለ100 ኪሎ ሜትር ከ10 ሊትር እምብዛም አትወርድም፤ ከተማ ውስጥ ታልፋለች። ባለ 3.0 ናፍጣው ፕራዶ ያን ሁሉ ክብደት ተሸክሞ ከዚያ ብዙ አይርቅም። አንድ ሊትር ናፍጣ ከአንድ ሊትር ቤንዚን ከአሥር እጅ አንድ እጅ ያህል የበለጠ ጉልበት ይይዛል፤ የናፍጣ ሞተርም ያንን ጉልበት በተሻለ ይጠቀምበታል። የፕራዶው ታንከር 87 ሊትር ይይዛል፤ የትንሿ 66። ማደያ በሌለበት ሩቅ መንገድ የሚሄድ ሰው ይህን ማሰብ አለበት። እኔ ግን ማታ ማታ ቤቴ የምገባ ሰው ነኝ። ነዳጅ ለመቆጠብ ብላችሁ ብቻ ቤንዚኗን ትንሽ መኪና ከናፍጣው ትልቅ አትምረጡ። ቁጠባው እዚያ የለም።

ቁጠባው ያለው ሌላ ቦታ ነው። የፕራዶው ሞተር ዘይት 7 ሊትር ገደማ ነው፤ የትንሿ 5 ሊትር ገደማ። የፕራዶው ጎማ 265 ስፋት ያለው ነው፤ የትንሿ 225። አራት ጎማ፣ ከስኮርታው ጋር አምስት፣ በአንድ ላይ ስትገዙ ልዩነቱን ኪሳችሁ ያውቀዋል። የፍሬን ሸራው፣ ፍሪሲዮኑ፣ ሁሉም በመጠኑ ልክ ነው። ዕድሜ ያለው መኪና ደግሞ ይህን ሁሉ ተራ በተራ ይጠይቃል።

የትልቁ ጉዳይ የተቆረጠው ግን ሞተሩን ስናይ ነው።

1ኬዲ የሚባለው ይህ የናፍጣ ሞተር ጠንካራ ነው። በትክክል ከተያዘ ብዙ መቶ ሺህ ኪሎ ሜትር ይሄዳል። ግን ናፍጣውን በከፍተኛ ግፊት በኢንጀክተር የሚረጭ ሞተር ነው፤ ቆሻሻና ውኃ ያለበት ናፍጣ ኢንጀክተሩን ይበላዋል። ሌላው ደግሞ ከኢንጀክተሩ ሥር ያለችው የመዳብ ቀለበት ናት። ትንሽ ነገር ናት። ያቺ ቀለበት ማጥበቅ ካቃታት የሚቃጠለው ጋዝ ወደ ሞተር ዘይቱ ይገባል። ዘይቱ ይጠቁራል፣ ጥቀርሻ ይሠራል፣ ጥቀርሻው ከሥር ዘይት የሚስበውን ወንፊት ይደፍናል። ወንፊቱ ሲደፈን ዘይት ወደ ላይ አይወጣም። ከዚያ ኩሽኔታው ይሄዳል፤ ሞተሩም ተከትሎት ይሄዳል። የአንዲት ቀለበት ጥገና መዘግየት ሙሉ ሞተር ያስቀይራል።

መጀመሪያ ቀን ስንሄድ ፕራዶው ተነስቶ፣ ሞቆ ጠበቀን። ድምፁ ጥሩ ነበር። ኮፈኑን በእጄ ነካሁት፤ ይፋጃል። ለሻጩ በትህትና ነገ ጠዋት እንመጣለን፣ እባክዎ ሳያስነሱት ይጠብቁን አልናቸው። ያገለገለ መኪና ልትገዙ ከሆነ ይህን አንድ ነገር እንኳ አድርጉ። የናፍጣ ሞተር ገመናውን የሚያወጣው ብርድ ላይ ነው።

በማግስቱ መካኒካችንን ይዘን ሄድን። ረጅም ዘመን በናፍጣ ሞተር ላይ የሠሩ ሰው ናቸው። ሲነሳ ቀጭን የብረት ማንኳኳት ሰማን። ሞተሩ እየሞቀ ሲሄድ ድምፁ ቀነሰ፤ ግን አልጠፋም። መካኒኩ የዘይቱን ክዳን ከፍተው እጃቸውን ከላይ ዘረጉ። ጭስ ቡልቅ ቡልቅ እያለ ይወጣ ነበር። የዘይቱን መለኪያ አውጥተው በጣታቸው አሹት። ከዚያ ወደ እኔ ዘወር ብለው፣ "የታችኛውን ክዳን ሳንከፍት ወንፊቱ ምን እንደሚመስል አልነግርሽም። ሳላይ ደግሞ ግዢ አልልሽም" አሉኝ።

ሻጩ ክዳኑ እንዲከፈት አልፈቀዱም። አልፈርድባቸውም፤ ሥራው ሰዓት የሚወስድ ነው፤ እኛም ገና ገንዘብ አልሰጠናቸውም። ኢንጀክተሩና ቀለበቱ መቼ እንደተቀየረ የሚያሳይ ወረቀትም አልነበራቸውም። የቺንጊያውም እንዲሁ። የዚህ ሞተር ቫልቭና ፒስተን ተራቸውን ጠብቀው የሚሠሩት በካቴና ሳይሆን በቺንጊያ ነው፤ እንደ አገሩ መመሪያ በ100,000 ወይም በ150,000 ኪሎ ሜትር ይቀየራል። አልፎበት ከተበጠሰ ቫልቭና ፒስተን ይጋጫሉ። አራት ኢንጀክተር፣ ቺንጊያ፣ ምናልባት ወንፊት፣ ምናልባት ደግሞ ከዚያ የከፋ። ባለቤቴ ወረቀት አውጥቶ ደመረ። ከደመረ በኋላ ዝም አለ። ይህን ሁሉ የሚችል ተጨማሪ ገንዘብ አልነበረንም።

ጥፋቱን በመኪናው ዓይነት ላይ አላላክክም። የአገልግሎት መዝገቡ የተሟላ፣ ቀለበቱ በጊዜው የተቀየረለት ፕራዶ ቢሆን ኖሮ ውሳኔው በጣም ይከብደን ነበር። የዚያ ዓይነቱ ፕራዶ ግን ከእኛ አቅም በላይ ነው። በእኛ ገንዘብ የሚገኘው ይሄኛው ነው።

ትንሿንም እንዲሁ በብርዷ አየናት። የእሷ ሞተር በካቴና ነው የሚሠራው፤ ቺንጊያ የለውም። ዘይት በጊዜው ካልተቀየረ ግን ካቴናው ይላላል፤ ጠዋት ሲነሳ ለጥቂት ሰከንድ ይንኮሻኮሻል። ጆሮዬን ተክዬ ሰማሁ። ጸጥ ያለ ነበር። ከሥር ገብተን ዝገት ፈለግን፤ በተለይ ሻንሲው ከአካሉ ጋር በተገናኘበት ቦታ። ትንሿ ሻንሲዋ ተለይቶ የማይወጣ ስለሆነ፣ እዚያ የተበየደ ወይም የተጣመመ ነገር ካለ አደጋ ደርሶባታል ማለት ነው። ንጹሕ ነበረች። የፊት አክስሉ ጫፍ ላይ ያሉት የላስቲክ ሽፋኖች ግን አንዱ ተቀዶ ቅባት ረጭቶ ነበር።

ጎማዎቿ ደግሞ አልተስማሙኝም። የፊቶቹ አንድ ዓይነት፣ የኋላዎቹ ሌላ ዓይነት፤ የአንደኛው ጥርስ ከሌሎቹ በግልጽ ያለቀ። ሁልጊዜ በአራቱም ጎማ በሚሄድ መኪና ላይ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ያለቀ ጎማ ዙሪያው ስለሚያንስ ቶሎ ቶሎ ይዞራል፤ መካከለኛው ዲፈረንሻል ቀጥ ያለ መንገድ ላይ እንኳ ዕረፍት አያገኝም። የጎማውን ዕድሜም አየሁ። ጎኑ ላይ በአራት አሃዝ ተጽፎ ታገኙታላችሁ። ለምሳሌ 2314 ማለት በ2014 ዓመት በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ማለት ነው። ጥርሱ ቢያምርም ዕድሜው የገፋ ጎማ ይሰነጠቃል። የደህንነት ቀበቶውን እስከ መጨረሻ ስትስቡት ደግሞ ብዙ ጊዜ ሥሩ ላይ የተሠራበትን ቀን የያዘ ጨርቅ አለ። መኪናው የ2010 ነው ከተባለ ቀበቶው የ2014 ሊሆን አይገባም፤ ከሆነ ለምን ተቀየረ ብሎ መጠየቅ ነው።

ሎውን ስንሞክር መብራቱ ብልጭ ብልጭ አለ እንጂ አልገባም። ልቤ ቀጥ አለ። ትንሿ ላይ ሎው የሚገባው መኪናው ቆሞ፣ ፍሪሲዮን ተረግጦ ነው፤ መቀየሪያውን ስታዞሩት ጥርሱን የሚያንቀሳቅሰው ትንሽ የኤሌክትሪክ ሞተር ነው። መካኒኩ ጥቂት ወደ ፊትና ወደ ኋላ አስኬዱኝ፤ እንደገና ሞከርን፤ ገባ። ከዚያ ደጋግመን ስናስገባና ስናወጣ ያለ ችግር ሠራ። "ለዓመታት የነካው የለም" አሉ። ብዙ ፎር ባይ ፎር ሙሉ ዕድሜውን አስፋልት ላይ ይጨርሳል፤ ያ ሞተር እዚያው ተቀምጦ ይደርቃል። በፕራዶም ላይ መቆለፊያው እንዲሁ ይደርቃል። ሻጩ "ይሠራል" ካሉ፣ እስኪ እንየው በሉ። ሣር ወይም ጠጠር ላይ ሞክሩት እንጂ ደረቅ አስፋልት ላይ ቆልፋችሁ አትታጠፉ።

ስለ ወንበር ደግሞ። ፕራዶው ሦስተኛ ረድፍ አለው፤ ትንሿ አምስት ሰው ብቻ ነው የምትይዘው። የባለቤቴ ትልቁ መከራከሪያ ይህ ነበር። ስለዚህ ሦስተኛውን ረድፍ ዘርግተን አየነው። ሲዘረጋ ከኋላው የሚቀረው ቦታ የጥቂት ቦርሳ ቦታ ነው። ዘመድ ሁሉ ሲሄድ ደግሞ ሻንጣው አብሮ ይሄዳል። ሻንጣው ጣሪያ ላይ ይጫናል እንበል። ቀድሞውኑ ቁመቱ ከፍ ያለ መኪና ላይ ከላይ ክብደት መጨመር ጥምዝምዝ መንገድ ላይ አልወድም። ለነዚያ ጥቂት ቀናት ሰፊ መኪና መከራየት እንችላለን፤ ኪራዩ የትልቅ መኪና ጎማ ከመግዛት አይበልጥም።

እናቴን ሁለቱም ጋር ወሰድናት። ወሳኙን ነገር የነገረችን እሷ ናት ብል ማጋነን አይሆንም። ፕራዶው ጎኑ ላይ መረገጫ፣ በሩ ጋ ጥሩ መያዣ አለው። ሆኖም መረገጫው ጠባብ ነው፤ ጉልበት የሚያመው ሰው ሲወጣ ሳይሆን ሲወርድ ነው የሚቸገረው። እናቴ ስትወርድ መሬቱ ራቃት፤ ባለቤቴ ደገፋት። ትንሿ ላይ ወንበሩ ከወገቧ እኩል ነው። ጎን ብላ ተቀመጠች፣ እግሮቿን አስገባች። ስትወርድ፣ "ከዚህችስ እግሬ መሬት አገኘ" አለች። ባለቤቴ እናቴን በጣም ይወዳታል። ከዚያ በኋላ ስለ ፕራዶ ብዙ አላወራም።

ለማን ነው ፕራዶ የሚገባው ብትሉኝ መልስ አለኝ። ተጎታች የሚጎትት፣ በየቀኑ ከአራት ሰው በላይ የሚጭን፣ ማደያ በሌለበት ረጅም ኮረኮንች ላይ የሚኖር፣ ቋጥኝና ገደላማ መንገድ የሚወጣ ሰው ፕራዶ ይግዛ። ከአካሉ ተለይቶ የተሠራው ሻንሲ፣ ወጡ አክስል፣ የናፍጣው ጉልበት የተሠሩት ለእሱ ነው። ግን ከመኪናው ዋጋ ውጭ ለጥገና የሚሆን ገንዘብ ለብቻው ይያዝ። ያ ገንዘብ ከሌለው ዓመቷ የቀረበ፣ ታሪኳ የታወቀ ትንሽ መኪና ከታመመ ትልቅ ትሻለዋለች። አቅማችን የሚችለው ትልቁን መግዛት ብቻ ሆኖ መያዙን ካልቻልን፣ ያ ትልቅነት ግቢ ውስጥ ቆሞ ይቀራል።

ትንሿን ስንገዛ በጎማዎቹና በተቀደደው ላስቲክ ምክንያት ከዋጋው አስቀነስን። በተቀነሰው ላይ ትንሽ ጨምረን አራቱንም ጎማ በአንድ ጊዜ ቀየርን። ላስቲኩ ተቀየረ። ዘይት የሚባለውን ሁሉ አስወጣን፤ የሞተሩን፣ የካምቢዮውን፣ ጉልበቱን ለፊትና ለኋላ የሚያካፍለውን ክፍል፣ የሁለቱንም ዲፈረንሻል። ከኋላው ዲፈረንሻል የወጣው ዘይት ጥቁር ቢሆንም የብረት ስባሪ አልነበረበትም። መካኒኩ ማፍሰሻ ቡሎኑ ጫፍ ላይ ያለውን ማግኔት ጠርገው አሳዩኝ፤ የደቀቀ ዱቄት ብቻ ነው፣ የተለመደ ነው አሉ።

አሁን በየወሩ ሥራ ቦታ ላይ ሎውን አስገብቼ ጥቂት ሜትር እሄዳለሁ፤ ባያስፈልገኝም። ሎውን የሚያስገባው ትንሹ የኤሌክትሪክ ሞተር እንዳይደርቅ ነው። መለኪያው ሳጥን ከኋላ ወንበር ጀርባ ልክ ይገባል፤ መቆሚያው ግን ስለሚረዝም ከኋላው ወንበር ትንሹን ክፍል ማጠፍ አለብኝ። የኋላው በር ስኮርታውን ስለተሸከመ ማጠፊያው ትንሽ ወርዷል፤ ሲዘጋ ከፍ አድርጎ መግፋት ይፈልጋል። ዝናቡ ሳይጠነክር እሱን እናስተካክላለን። ከሥር የሞተሩን ሆድ የሚጠብቅ የብረት ሳህንም እናስገጥማለን፤ የመጀመሪያዋ ስስ ናት፣ ድንጋይ አትችልም። ባለቤቴ እንኳን ቅዳሜ ቅዳሜ ቁልፉን ከእኔ ቀድሞ ማንሳት ጀምሯል።